አብሮ የጨፈረ ልጅ ማንን ያግዛል?

የ14 ወር ሕፃን ገና አፉን አልፈታም፤ እግሩም ገና አልጸናም። ነገር ግን ሰው ዕቃ ወድቆበት እጁን ሲዘረጋ ካየ፣ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀውን አንስቶ ሊያቀብል ይችላል። ማንም አላዘዘውም፣ ሽልማትም አይጠብቅም። በካናዳዋ ሃሚልተን ከተማ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናታቸውን የሠሩት ላውራ ሲሬሊ፣ ካትሊን አይናርሰን እና ሎረል ትሬይነር ይህን ቸርነት ተመልክተው አንድ ጥያቄ አነሡ፦ ሕፃኑ የሚያግዘው ያገኘውን ሰው ሁሉ እኩል ነው? ወይስ ከእሱ ጋር በአንድ ምት የተንቀሳቀሰ ሰው ይበልጥበታል?

ሙከራቸው ቀላልና ብልሃት ያለው ነበር። አንዲት ረዳት ሕፃኑን በደረቷ ላይ በማዘያ ትይዘዋለች፤ የሕፃኑ ፊት ወደ ውጭ ነው። ከፊቱ ሌላ ሴት፣ አጥኚዋ፣ ትቆማለች። ቢትልሶች የተጫወቱት «ትዊስት ኤንድ ሻውት» ዜማ ይከፈታል። ረዳቷ ጉልበቷን እጥፍ ዘርጋ እያደረገች ስትነጥር ሕፃኑም አብሯት ይነጥራል። አጥኚዋ ከግማሾቹ ሕፃናት ጋር ስትቆም ልክ እንደ እነሱ በምቱ ትነጥራለች፤ ከቀሪዎቹ ጋር ስትቆም ግን ከእነሱ ፈጠን ወይም ዘግየት ብላ። ዜማው ያው ነው፤ ቆይታውም ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ልዩነቱ ሁለቱ መግጠማቸውና አለመግጠማቸው ብቻ ነው።

ከዚያ አጥኚዋ ወደ ሥራ ትገባለች። ጨርቅ ስትሰቅል የልብስ መቆንጠጫው ከእጇ ያመልጣል፤ ስትሥል እስክሪብቶው ይወድቃል። እጇን ትዘረጋለች፣ ዕቃውን ታያለች፣ ቀጥሎ ዕቃውንና ሕፃኑን እያፈራረቀች ታያለች። በምቱ አብራቸው የነጠረችላቸው ሕፃናት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ዕቃውን አነሡላት። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ፤ የሚያስገርመው የዕድሜው ማነስ ነው። እነዚህ ሕፃናት ለራሳቸው እንኳ ምት ጠብቀው መጨፈር አይችሉም፤ የነጠሩት በሌላ ሰው ጉልበት ነው። ሆኖም ከፊታቸው ያለው ሰው ከእነሱ ጋር ይግጠም አይግጠም ለይተው አውቀዋል። ለይተውም ወስነውበታል።

ከዚሁ ቤተ ሙከራ የወጡት ተከታይ ጥናቶች ነገሩን ይበልጥ አጠሩት። ሕፃናቱ ደስ ስላላቸው ብቻ ለሁሉም ቸር ሆነው ይሆን? አልሆኑም። ዝም ብላ ጥግ ላይ ተቀምጣ የነበረች ሌላ ሴት ዕቃ ሲወድቅባት የተለየ እርዳታ አላገኘችም። ያቺ ሁለተኛዋ ሴት ግን አብራቸው የነጠረችው ሴት ወዳጅ መሆኗን ሕፃናቱ ቀድመው ካዩ፣ እርዳታው ለእሷም ይተርፋል። የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ሕፃን «የወዳጄ ወዳጅ» ብሎ ያስባል ማለት ድፍረት ሊመስል ይችላል፤ ያደረገው ግን ይህንኑ የሚመስል ነገር ነው።

ምት ወደ ሕፃን የሚገባው በጆሮ ብቻ አይደለም። ጄሲካ ፊሊፕስ ሲልቨርና ያቺው ትሬይነር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ የሰባት ወር ሕፃናት የትኛው ምት እንደሚጠብቅ የማይለይ የከበሮ ድምፅ ተከፈተላቸው። ግማሾቹን በየሁለተኛው ምት፣ ሌሎቹን በየሦስተኛው ምት አነጠሯቸው። በኋላ ሁለት ዓይነት ድምፅ ሲቀርብላቸው እያንዳንዱ ሕፃን ረዘም ላለ ጊዜ ያዳመጠው ሰውነቱ የነጠረበትን ነበር። ዓይናቸው ተሸፍኖ ለነጠሩትም ውጤቱ ያው ነው። ሰው ሲነጥር ተቀምጠው ላዩት ግን አልሠራም። ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሠርግ ቤት የገባ ልጅ ነው። እናቲቱ ስታጨበጭብና ትከሻዋን ስታወርድ ስታወጣ፣ ልጁ ከበሮውን በሆዱና በደረቱ ነው የሚቀበለው። እንቅልፍ የወሰደው ቢመስልም ትምህርት ላይ ነው።

ልጆች አድገው በራሳቸው እግር መጨፈር ሲጀምሩስ? እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሥራ በጀርመን ላይፕዚግ፣ በማክስ ፕላንክ የዝግመተ ለውጥ አንትሮፖሎጂ ተቋም የተሠራው ነው። ሰባስቲያን ኪርሽነርና ማይክል ቶማሴሎ 96 የአራት ዓመት ልጆችን ጥንድ ጥንድ አድርገው አጫወቱ። መሬት ላይ የተነጠፈ ሰማያዊ ጨርቅ ኩሬ ሆነ፤ ኩሬው ላይ የእንጨት እንቁራሪቶች ተኝተዋል፤ የልጆቹ ሥራ እነሱን መቀስቀስ ነው። ግማሾቹ ጥንዶች እየዘፈኑ፣ በምቱ እየረገጡ፣ የእንቁራሪቶቹን ጀርባ በዱላ እየፈገፈጉ ቀሰቀሷቸው። ቀሪዎቹ ያንኑ ጨዋታ፣ በዚያው ኩሬ፣ ከዚያው ሰው ጋር ተጫወቱ፤ ዘፈንና ምት ግን አልነበረም። እየተንቀሳቀሱ በንግግር ብቻ።

ከጨዋታው በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ብይ የሞላበት ቱቦ ተሰጠው። ለአንደኛው ልጅ የተሰጠው ቱቦ ግን ታች በኩል የሚከፈት ነበርና ብዮቹ መሬት ላይ ተበተኑ። አራት ዓመት ለሆነው ልጅ ይህ ትልቅ ፈተና ነው፤ የራሱ ብይ በእጁ ነው፣ ጨዋታው ይጠብቀዋል፣ የወደቀው የጓደኛው ነው። አብረው የዘፈኑትና የረገጡት ልጆች ካልዘፈኑት ይልቅ ጎንበስ ብለው አብረው ለቀሙ። ብቻቸውንም ሆነ ተጋግዘው ሊሠሩት የሚችሉት ሌላ ሥራ ሲሰጣቸውም መተጋገዙን የመረጡት እነሱ ነበሩ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፦ ሁለቱም ቡድኖች አብረው ተጫውተዋል። አብሮ መጫወት በራሱ መልካም ነው፤ ምት የተጨመረበት ግን ሌላ ነገር አመጣ።

እነዚሁ ሁለት ሰዎች ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ለዛሬ ወላጅ የበለጠ የሚጠቅም የሚመስለኝን ጥናት አሳትመው ነበር። የሁለት ዓመት ተኩል፣ የሦስት ዓመት ተኩልና የአራት ዓመት ተኩል ልጆች ከበሮ እንዲመቱ ተደረገ። አንዴ ከሰው ጋር፣ አንዴ ራሱ ከበሮ ከሚመታ ማሽን ጋር፣ አንዴ ደግሞ ከድምፅ ማጉያ ብቻ ከሚወጣ ምት ጋር። ልጆቹ ምቱን ይበልጥ የጠበቁት ከፊታቸው ሰው ሲኖር ነው። የሁለት ዓመት ተኩሎቹ እንኳ አብሯቸው ሰው ሲመታ የራሳቸውን ፍጥነት ትተው ወደ እሱ ለመጠጋት ሞክረዋል። ስልክ ተሰጥቶት የልጆች ዘፈን እያየ ብቻውን የሚወዛወዝ ልጅ ይደሰት ይሆናል፤ የሚወዛወዝለት ሰው ግን የለውም። ዘፈኑን ያው ስልክ ይክፈተው፤ ከፊቱ የሚቆም ወንድም፣ አክስት ወይም አያት ካለ ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ከሰው ጋር ለመግጠም መጀመሪያ ያንን ሰው ማየት ያስፈልጋል፤ ቀጥሎ የሚያደርገውን ቀድሞ መገመት፣ ሲዘገይ መጠበቅ፣ ሲፈጥን መከተል። ልጅ ከልጅ ጋር ሲጨፍር ለሁለት ደቂቃ ሳያቋርጥ ሌላውን ሲያነብ ይቆያል ማለት ነው። በሌላ ሰዓት ይህን ያህል ትኩረት ለእኩያው አይሰጥም። በኢየሩሳሌም ታል-ሄን ራቢኖዊችና አሪኤል ክናፎ-ኖአም የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆችን ጥንድ ጥንድ አድርገው ጣታቸውን በምት እንዲያንኳኩ አደረጓቸው። እኩል ያንኳኩት ልጆች «ይኼ ልጅ እኔን ይመስላል»፣ «ይቀርበኛል» የሚል ስሜት ከሌሎቹ ይልቅ ታየባቸው። ጣት ማንኳኳት ብቻ ነው እንግዲህ።

ከአእምሮ በተጨማሪ ሰውነትም የራሱ ድርሻ አለው። ብሮንዊን ታርና የኦክስፎርድ ባልደረቦቿ በብራዚል የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በቡድን በቡድን አስጨፈሩ። አንዳንዱ ቡድን እኩል እየተንቀሳቀሰ፣ አንዳንዱ እየተለያየ፤ አንዳንዱ ላብ እስኪያወጣው፣ አንዳንዱ ተቀምጦ በቀስታ። ከጭፈራው በፊትና በኋላ የደም ግፊት መለኪያውን ክንዳቸው ላይ እያጠበቁ ሕመሙን እስከ የት እንደሚችሉት መዘገቡ። ላብ ያወጣው ጭፈራ ሕመም የመቻል አቅማቸውን ከፍ አደረገው፤ እኩል መንቀሳቀሱም ለብቻው ከፍ አደረገው። ይህ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ኤንዶርፊን የተባለ ሕመም ማስታገሻ በተዘዋዋሪ የሚለካበት መንገድ ነው። በቡድናቸው ውስጥ ያለው ቅርበትም አብሮ ጨመረ።

ታዲያ ሥራውን የሚሠራው ሙዚቃው ነው ወይስ እኩል መንቀሳቀሱ? ራቢኖዊች ከአንድሪው ሜልትዞፍ ጋር በሲያትል የሠራችው ሙከራ እዚህ ላይ ብርሃን ይሰጣል። የአራት ዓመት ልጆች ጎን ለጎን ዥዋዥዌ ላይ ተቀመጡ። አንዳንዶቹን እኩል ወደ ፊት እኩል ወደ ኋላ ወዘወዟቸው፣ ሌሎቹን አለያይተው፣ ሦስተኛዎቹ ጭራሽ አልተወዘወዙም። ቀጥሎ ሁለቱ ልጆች በአንድ ቅጽበት ቁልፍ ካልተጫኑ ሥዕል የማይወጣበት የኮምፒውተር ጨዋታ ተሰጣቸው። እኩል የተወዘወዙት ቶሎ ተግባቡ። በማክማስተርም ሙዚቃውን አስቀርተው የተፈጥሮ ድምፅ ብቻ አሰምተው ሲሞክሩት፣ አብሮ የነጠረ ሰው አሁንም የበለጠ ታገዘ። ነገር ግን ሙዚቃ ባልነበረበት ጊዜ ሕፃናቱ ይነጫነጩ፣ ለማገዝም ይዘገዩ ነበር። እንደ እኔ መረዳት የሙዚቃ ውለታ ሁለት ነው፤ ለሁሉም እኩል የሚሰማ ጊዜ ይሰጣል፣ ሥራውንም ጨዋታ ያደርገዋል። ሃያ ልጅ በአንድ ጊዜ እኩል ሊያንቀሳቅስ የሚችል ሌላ መሣሪያ አስተማሪ በእጇ የላትም።

የቡሄ ልጆችን በዚህ ዓይን አንዴ ብታዩአቸው ብዬ እመኛለሁ። አውራጁ አንድ ስንኝ ይወረውራል፤ ተቀባዮቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ፤ ዱላው መሬቱን የሚመታው ሁሉም ሲቀበሉ ነው። ከመካከላቸው ትንሹ መጀመሪያ አካባቢ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ዱላው ከቁመቱ ስለሚበልጥ ለማንሣት ጊዜ ይፈጅበታል። ዓይኑ ከጎኑ ባለው ትልቅ ልጅ እጅ ላይ ነው። ሦስት አራት ቤት ሲዞሩ ግን ምቱ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ማየቱን ይተውና አንገቱን ቀና አድርጎ ይቀበላል። ሙልሙሉም ሆነ ገንዘቡ የሚሰጠው ለአንዱ ልጅ ሳይሆን ለቡድኑ ነው፤ ተቆጥሮ ይካፈሉታል፤ ትንሹም ድርሻ አለው። በእንቁጣጣሽ አበባየሆሽ የሚሉት ሴቶች ልጆች ከከበሮና ከጭብጨባቸው ጋር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ነጭ ለብሰው እየተወዛወዙ የሚዘምሩት፣ በመንዙማ ላይ ከአባቶቻቸው ጎን ሆነው በድቤው ምት የሚወዛወዙት፣ ሁሉም በላይፕዚግ በሰማያዊ ጨርቅ ላይ የተሞከረውን ነገር ያለ አጥኚ ያደርጉታል። ልዩነቱ የእኛ ልጆች ይህን የሚያደርጉት ለአንድ ከሰዓት ሳይሆን በየዓመቱ፣ ከዚያው የሰፈር ልጅ ጋር መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይቸኩል አደራ እላለሁ። ኪርሽነር ራሱ ከቤያትሪዝ ኢላሪ ጋር በብራዚልና በጀርመን የኬጂ ልጆች ላይ አብሮ ከበሮ መምታትን ሲፈትን፣ ልጆቹ የተሻለ መተጋገዝ አላሳዩም፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2014 በግልጽ ታተመ። ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመዘኑ ሥራዎች በአጠቃላይ እኩል መንቀሳቀስ መተጋገዝን እንደሚጨምር ያሳያሉ፤ መጠኑ ግን መካከለኛ ነው። ደግሞም ከላይ ያነሣኋቸው ሙከራዎች አብዛኞቹ የለኩት ጭፈራው እንዳለቀ ያለውን ሰዓት ነው። በአንጻሩ ረዘም ያለውን መንገድ የሞከረው በካምብሪጅ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት ነው። ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው ልጆች የትምህርት ዘመኑን ሙሉ በየሳምንቱ በቡድን በሙዚቃ ተጫወቱ፤ ጨዋታዎቹ መናበብን፣ መኮረጅንና ተራ መጠበቅን የሚጠይቁ ነበሩ። በዓመቱ መጨረሻ የሌላውን ስሜት የመረዳት መለኪያቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። አንድ ቀን አስጨፍሮ ጠባይ መለወጥ አይቻልም፤ በየሳምንቱ፣ ዓመት ሙሉ ሲሆን ግን ተስፋ አለው።

ሌላም የሚያሳስብ ነገር አለ። ታሪክ ጸሐፊው ዊልያም ማክኒል በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1941፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሰልፍ ሲሠለጥን የተሰማውን ልዩ የመዋሐድ ስሜት ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ሰልፍና ዳንስ በሰው ልጅ ታሪክ ውስጥ ስላላቸው ቦታ መጽሐፍ ጻፈበት። ሰውን ለደቦ የሚያስተሳስረው ምት ለጦርም ያስተሳስራል። ስኮት ዊልተርሙዝ ደግሞ በአዋቂዎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ ከሌላ ሰው ጋር እኩል የተራመዱ ሰዎች ያ ሰው ትንንሽ ነፍሳትን ግደሉ ብሎ ሲጠይቃቸው ከሌሎቹ የበለጠ ታዘዙት። ምቱ የሚያጠነክረው ትስስሩን ነው፤ ትስስሩ ለምን እንደሚውል አይመርጥም። ስለዚህ ልጆችን ስናስጨፍር ክቡ ውስጥ ማን አለ፣ ማንስ ውጭ ቆሟል የሚለው ጥያቄ ከዘፈኑ ምርጫ ይበልጣል። ባሃር ቱንችጌንችና ኤማ ኮኸን ከ7 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍለው፣ ቡድኖቹ እርስ በርስ እኩል እንዲንቀሳቀሱ ሲያደርጉ፣ ልጆቹ ለሌላው ቡድን ያላቸው ቅርበት ጨመረ። እያንዳንዱ ቡድን ለብቻው ከሚጨፍር ሁለቱ አብረው ቢጨፍሩ ይሻላል ማለት ነው። ልጆቻቸው በቋንቋ ወይም በክፍል ተለያይተው ለሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አስተማሪዎችና ወላጆች ከዚህ የሚወስዱት ምንድን ነው? መጀመሪያ ፍጥነቱ። የትንሽ ልጅ ተፈጥሯዊ ምት ከአዋቂ ፈጠን ያለ ነው፤ ለእኛ የሚያምረው ረጋ ያለ ዘፈን ለአራት ዓመት ልጅ ለመጠበቅ ያስቸግረዋል፣ ስለዚህም ይበተናል። ሞቅ ያለውን ምረጡ። እንቅስቃሴውም አንድ ዓይነት ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ፤ በሲሬሊ ሙከራ አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ፣ ግን በአንድ ፍጥነት ሲነጥሩም ሕፃናቱ አጥኚዋን በዚያው መጠን አግዘዋታል። መሮጥ ወይም መዝለል የማይችል ልጅ ተቀምጦ በማጨብጨብ፣ የማይሰማ ልጅ መዳፉን ከበሮው ላይ በማሳረፍ ሙሉ ተካፋይ ነው። የወላጆች በዓል ሲደርስ ጎበዞቹን ስምንት ልጆች መርጦ ሌላውን ተመልካች ማድረግ ደግሞ የሚያሳዝነኝ ልማድ ነው። ተቀምጦ ሲነጥሩ ያየ ሕፃን ምቱ እንዳልገባው ቀደም ብለን አይተናል፤ ይልቁንም መቀላቀል የሚያስፈልገው ልጅ ብዙውን ጊዜ ያ ያልተመረጠው ነው።

በዓመቱ አጋማሽ ከሌላ ከተማ የመጣ አዲስ ልጅ ክፍል ውስጥ ቢገባ፣ አስተማሪዋ አዝናለት ከራሷ ጎን ልታቆመው ትወዳለች። የሕፃናቱን ነገር ካስታወስን ግን የተሻለ ቦታ አለ። ሕፃናቱ ያገዙት አብራቸው የነጠረችውንና የእሷን ወዳጅ ነበር። አዲሱ ልጅ ብዙ ጓደኛ ካለው ልጅ ጎን ይቁም፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ክቡን ይዙሩ፤ በሳምንቱ ደግሞ ጥንዱ ይቀየርና ከዚያ ልጅ ጓደኞች ከአንዱ ጋር ይጨፍር።